ወይራ ላይ የዋልኩበት ዓርብ

ጥምጥም የጠመጠመ፣ ቅኔ የተቀኘ፣ ዜማ የዘለቀ ደብተራ ዓርብ ቀን ወይራ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ ብላችሁ ብታወሩ ማንም አያምናችሁም። እኔ ግን ውያለሁ። እንዴት እንደወጣሁ፣ ለምን መውረድ እንዳቃተኝ፣ ከወረድኩ በኋላም እንዴት ሌላ ሰው እንደሆንኩ እነግራችኋለሁ። እያፈርኩም እየሳቅኩም ነው የምነግራችሁ፤ እናንተም መሳቅ ትችላላችሁ።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ቢሆን ነው። ከጎጃም ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ከተማው እንጦጦ ነበር፤ አዲስ አበባ የሚባል ስም ገና አልተሰማም። መኳንንቱ ሁሉ ጋራው ላይ ሰፍረው፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ከድንኳን ድንኳን እየገባ፣ ሰው በኩታው ተጀቡኖ ብርዱን እያማ የሚኖርበት ጊዜ ነው። የእኔ ምኞት አንድ ብቻ ነበረች፤ እንጦጦ ማርያም ከሚያገለግሉት መዘምራን ጋር መቆም። ለዚያ ደግሞ የሚናገርልኝ ትልቅ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ያ ትልቅ ሰው በወይዘሮ አስካለ መልክ መጣልኝ። ወይዘሮ አስካለ ከጋራው ወደ የካ በሚያወርደው መንገድ ዳር ሰፊ ግቢ ነበራቸው። ባላቸው ዘመቻ ሄደው ቤቱንም አገልጋዩንም እሳቸው ያዛሉ። ማንበብ የሚያውቁ፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ነበሩ።

«ልጄን ፊደል አስቆጥርልኝ፤» አሉኝ። «ሲያውቅ ካየሁ ለአለቃው እኔው ራሴ እነግርልሃለሁ።»

ልጃቸው በሻህ አምስት ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻውን ሳስቀምጠው ጩኸቱ ላይኛው ሰፈር ድረስ ተሰማ። ስለዚህ የጨዋታ ጓደኞቹ አብረውት ይቀመጡ ተባለና ሰባት ሆኑልኝ። የዘበኛው ልጅ ጥላዬ አለ፤ ጭቃ ካየ የማያልፍ፣ አንዳንዴም የሚቀምስ። የጠጅ ጣይዋ ልጅ ወርቄ አለች፤ የሰማችውን ሁሉ ወደ ዘፈን የምትለውጥ። ሦስት እህትማማቾች አሉ፤ አንዷ ስታለቅስ ሁለቱ የሚያግዟት። ሰባተኛዋ አያንቱ ናት። አያንቱ የበሻህ ሞግዚት የእመት ጫልቱ የልጅ ልጅ ነበረች። አባቷ ታች የካ ሚካኤል አጠገብ ንብ ያረባል፤ እናቷ ስለሞተች አያቷ ዘንድ ታድራለች። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛም ከልጆቹ ጋር ስትጫወት ትናገራለች ይላሉ እንጂ እኔ ሰምቼ አላውቅም።

እንዴት አስተምር ነበር መሰላችሁ? እኔ በተማርኩበት መንገድ ነዋ! የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ልምጭ ይዤ፣ ከሀ እስከ ፐ አንድ ጊዜ እወርዳለሁ። «በሉ!» እላለሁ። የሚሉም አሉ፣ የማይሉም አሉ። ያላለ ልምጭ ይቀምሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያስተማርኩት ነገር ቢኖር ልጆቹ እኔን ሲያዩ መሮጥን ነው።

አያንቱ ግን አትሮጥም። ዝም ብላ ትቀመጣለች። በመጣችበት በመጀመሪያው ቀን ሀን ሳሳያት «ጋንፋ» አለችና ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ የተሾፈብኝ መስሎኝ ጣቷን በልምጭ መታሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ፊት አንዲት ቃል አልወጣትም። ገበታውን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ልምጩን ታያለች፤ በቃ። «ይህች ልጅ ድንጋይ ናት» አልኩ በልቤ።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አስካለ የነፍስ አባታቸውን አባ ኪሮስን ይዘው ብቅ አሉ። አባ ኪሮስ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ የሚሉትን ሁሉ ደጋግመው የሚሉ መነኩሴ ናቸው።

«ልጅ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ፊደል አይገባውም፤» አሉ። «አይገባውም። ቢገባውም አያድርም።»

«እንሞክረዋ፤» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «በሻህ፣ ሀን አሳየኝ።»

በሻህ ጣቱን ቀስሮ አሳየ። ያሳየው ግን ግድግዳው ላይ የሚሄደውን ሸረሪት ነበር።

ወይዘሮዋ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው አልተቆጣም፤ ይልቅ አዘነ፤ እሱ ባሰብኝ።

«እስከ እሁድ ልታገስህ፤» አሉኝ። «እሁድ አባታችን ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ያን ዕለትም እንዲህ ከሆነ፣ ልጆቹ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ይጫወቱ፤ አንተም መንገድህን ፈልግ።»

በደነገጥኩ ጊዜ ሌላው ላይ የማላክክበት ምላስ አላጣሁም። «እመቤቴ፣ ሰባቱን አንድ ላይ መምራት ነው ያቃተኝ። አንዷ በተለይ፣ ያቺ አያንቱ፣ ድንጋይ ናት፤ ሌሎቹንም ታፈዛቸዋለች። እሷ ብትወጣልኝ…»

«አያንቱ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ አባቷ ነገ ማር ይዞ ይመጣል፤ ይውሰዳታ። አያቷን እኔ እነግራታለሁ።»

እንዲህ ቀላል ነበር። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከአያቷ ጉያ ለማውጣት ግማሽ ዓረፍተ ነገር በቃኝ።

ዓርብ ጠዋት ገበታዬን ሰቅዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አንድም ልጅ አልመጣም። የዘበኛው ሚስት «ከጎተራው ጀርባ ናቸው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሁለት ቀን ቀርቶኝ እነሱ ከጎተራው ጀርባ! ልምጬን ይዤ ሄድኩ። ቦታው ባዶ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከግቢው ማዶ ወደዚያው ሲመጣ ሰማሁ። ከጎተራው ጀርባ ቀይ አፈር የሞላበት ሜዳ አለ፤ ሜዳው ዳር አንድ ያጋደለ ያረጀ ወይራ። እንግዲህ በዚያ ዕድሜዬ ጥበብ መሰለኝ፤ ዛፉ ላይ ወጥቼ አደፍጥና፣ ሰባቱም ሲሰበሰቡ ዘልዬ ወርጄ እይዛቸዋለሁ።

ወጣሁ። ኩታዬን ጨምድጄ ሰቅዬ፣ ልምጬን በጥርሴ ነክሼ ወጣሁ። ቅርንጫፍ ላይ ደልደል ብዬ ቅጠሉን ሰበሰብኩና ተደበቅኩ። ልጆቹም መጡ፤ ሰባቱም። ልዘል ጉልበቴን ሳጥፍ ከኋላቸው እመት ጫልቱ እንዝርቷን ይዛ ከች አለች። መጥታም ሌላ ቦታ አልተቀመጠች፤ ልክ ከወይራው ሥር ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ጥጧን መፍተል ጀመረች።

አሁን እንዴት ልውረድ? የግቢው የኔታ እንደ ጦጣ ከዛፍ ዱብ ሲል ሞግዚቷ ብታይ ወሬው ማታውን ዕልፍኝ ይደርሳል። «ትንሽ ልታገስ፤ ትነሳለች» አልኩ። አልተነሳችም። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ እግሬ ደነዘዘ፤ ጉንዳን ባቴ ላይ መንገድ አወጣ። ሌላ የምሠራው ስለሌለኝ ወደ ልጆቹ ተመለከትኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጮህባቸው ከረምኩ እንጂ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አያንቱ አፈሩን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ሆዷን ነፋ አድርጋ፣ እንጨት ይዛ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እህህም! አለች። ጉሮሮዬን የምጠርገው እንደዚያ ነው። ልጆቹ ፍርስ ብለው ሳቁ። የኔታ እኔ ነኝ ማለቷ ነው! ሳቄን ልምጩ ላይ ነክሼ ያዝኩት።

ከዚያ እንጨቷን አፈሩ ላይ ጫረች። ሁለት ጎኑ ወደ ላይ የቆመ፣ ሥሩ የተጠጋጋ ነገር ሣለች። ሁለት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ ቀንድ አድርጋ ተከለችና «ጋንፋ! ሀ! ሀ!» እያለች በሻህን ልትወጋው ሮጠች። ልጆቹ ሁሉ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ ተክለው «ሀ! ሀ!» እያሉ እርስ በርስ ተዋጉ። ጥላዬ ወድቆ እንኳ «ሀ!» ይላል።

እኔ ከላይ ቀዝቅዤ ቀረሁ። አፈሩ ላይ ያለው ሀ ነበር። የማያሻማ፣ የማይሳሳት ሀ።

አያንቱ አላቆመችም። አጠገቡ ሁለት እግር ያለው፣ ጣሪያው ደልዳላ ነገር ሣለች። «መና፤» አለች። ከዚያ ከንፈሯን ገጥማ «በ… በ… በሻህ! መና በሻህ! የበሻህ ቤት!» አለች። በሻህ ከደስታው ብዛት ድንጋይ ሰብስቦ በዚያው መሥመር ላይ ቤቱን መደርደር ጀመረ። አንድ ቦታ ከአንድ እስትንፋስ በላይ መቀመጥ የማይችለው ልጅ፣ ምላሱን ወጣ አድርጎ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያስተካክል ሩብ ቀን ሊሆነው ነው። ወርቄ «የእኔስ? የእኔስ?» አለች። አያንቱ ወገቡ ክብ የሆነ ፊደል ሣለችላት፤ ወርቄም «ወ ወ ወርቄ» ብላ ዘፈን አወጣችበት። ጥላዬ ዘፈኑን እየሰማ ያቺኑ ወ በጭቃ ድቡልቡል አድርጎ ሠራት። መሥራት ብቻ አይደለም፤ አልበላትም!

ሁለት ሳምንት ሙሉ የጮህኩትን ያቺ «ድንጋይ» ያልኳት ልጅ አንድም ሳታስቀር ይዛዋለች። ከያዘችው ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሆነውን ለይታ ሰጥታዋለች። ማን እንደሚገነባ፣ ማን እንደሚዘፍን፣ ማን እጁ ጭቃ ውስጥ ካልገባ እንደማይማር ታውቃለች። እኔ አላውቅም ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው ከሥሬ ድምፅ የመጣው።

«የኔታ፣» አለች እመት ጫልቱ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሳ፣ «አሁን ይውረዱ። እግርዎ ደንዝዞ ይሆናል።»

ጥምጥሜ ተፈትቶ ጫፉ ከራሷ በላይ ተንጠልጥሎ ለካ ገና ስትቀመጥ አይታኛለች።

እንዴት እንደወረድኩ አልነግራችሁም። ቅጠል ከጢሜ እያራገፍኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ወዲያው በነኑ።

«ከጠዋት ጀምሮ አይተሽኝ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዲያዩ ነዋ። ቆመው አላዩም፤ ተሰቅለው ቢያዩ ብዬ።»

«ጋንፋ ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ቀንድ።»

«ቀንድ…»

«አዎ። ፊደሏ ቀንድ ትመስላለቻ። ያን ዕለት ማታ እያለቀሰች ‹አኮ›፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ‹ቀንድ ናት አልኩት፤ መታኝ› አለችኝ። ቀንድ አይደለችም እንዴ ትለኛለች። እኔ ፊደል አላውቅ፤ ምን ብዬ ልመልስላት?»

ገበታዬን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። ሀ ቀንድ ነች። ዕድሜ ልኬን ሳያት ብኖርም፣ እኔ ቀንዷን አላየሁም። ያየችውን ልጅ ግን መታሁ።

ብድግ ብዬ ወደ ዕልፍኝ ሮጥኩ። ወይዘሮ አስካለ ከጎተራ ሹማቸው ጋር ነበሩ።

«እመቤቴ፣ አያንቱን በተመለከተ ትናንት የነገርኩዎ ስሕተት ነው። ከሰባቱ ፊደል የገባት እሷ ናት። እንዳትሄድ።»

«ትናንት ድንጋይ ናት አልከኝ፤» አሉ። «ዛሬ ደግሞ ሊቅ ሆነች?»

«ድንጋዩ እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ ቃል ሰጥቼ ልኬአለሁ። ዘግይተሃል፤ አባቷ መጥቷል።»

ወደ ውጭ ስወጣ እውነትም የማሩ ቅል ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው ልጁን በትከሻው አድርጎ ቁልቁለቱን ጀምሯል። ስማቸውን ብጠራ ነፋሱ መለሰብኝ። እመት ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እንዝርቷ በእጇ፣ ጥጡ ግን መሬት ወድቋል። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት የገባኝ።

ቅዳሜ ገና ጉሙ ሳይገፈፍ ወደ የካ ወረድኩ። ጥዱ መሃል ያለው መንገድ ያዳልጣል፤ ሁለት ጊዜ በመቀመጫዬ ሄድኩ። የአያንቱን አባት ኦቦ ገመቹን ከየካ ሚካኤል በታች፣ ቀፎዎቹ ከተሰቀሉበት ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። አጭር፣ ክንዳቸው የጠነከረ ሰው ናቸው። ሲያዩኝ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ልጄን የመታኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ድንጋይ ናት ብለህ ያባረርካትም?»

«እኔው ነኝ።»

«እና አሁን ምን ቀረህ?»

«ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት። እሷን። ከዚያ እርስዎን።»

ሰውዬው ግራ ገባቸው። ደብተራ ሕፃን ይቅርታ ሊጠይቅ ቁልቁለት ወርዶ አይተው አያውቁም ይሆናል፤ እኔም አላየሁም። «እዚያ ናት፤» አሉኝ በአገጫቸው።

አያንቱ ጎጆው ጥግ ዱላ ይዛ አፈር ትጭራለች። ስታየኝ መጀመሪያ እጄን ነው ያየችው። ባዶ ነበር። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ኩታዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ምን እንደምል አስቤ ነበር፤ መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት፤ ሁሉም ጠፋኝ። ጣቴን አውጥቼ አፈሩ ላይ ሀን ጻፍኩ። ከዚያ ሁለት ጣቶቼን ጥምጥሜ ላይ ተከልኩና «ጋንፋ፤» አልኳት።

ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም።

«ጋንፋ ናት፤» አልኩ እንደገና። «አንቺ ልክ ነበርሽ። እኔ አልገባኝም ነበር። ስላልገባኝ መታሁሽ። አጥፍቻለሁ።»

ዱላዋን አንስታ ቀጥ ያለ መሥመር፣ ወገቡ ላይ ክብ ያለው ፊደል ሣለች። ቀ ነበረች። «ይሄስ?» አለችኝ በአማርኛ። ድምፅዋን ለእኔ ስታሰማ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

«እንጃ፤» አልኩ። «ምንድን ናት?»

«አኮ ናት። በሻህን አዝላ።»

አየሁት። እውነትም ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ናት! ከልቤ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ኦቦ ገመቹ ከቀፎው ሥር ሆነው ያዩን ነበርና መጥተው ቆሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልምጭ የለም?» አሉኝ።

«የለም።»

«በምን አውቃለሁ?»

«ራስዎ እየመጡ ይዩ። ማር ባመጡ ቁጥር።»

ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ ጠየቋት። እሷም መለሰች። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ እሳቸው ግን ሳቅ አሉና «‹የኔታ ገና አልተማረም፤ አስተምረዋለሁ› ትላለች፤» አሉኝ።

ዳገቱን በትከሻዬ ተሸክሜያት ወጣሁ። አባቷም ከኋላችን መጡ። ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ሲያዩን ለእመት ጫልቱ መንገድ ለቀቁላት። አሮጊቷ ስትሮጥ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ከሰዓቱን ሙሉ ከእመት ጫልቱ ጋር ከወይራው ሥር ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ አክብሬ ነው የጠራኋቸው። «እስቲ ስለ በሻህ ይንገሩኝ፤» አልኳቸው። እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ በብራና ቁራጭ እጽፋለሁ። በሻህ እጁ ሥራ ሲይዝ እግሩ ያርፋል። ጥላዬ ከማየት ይልቅ መዳበስ ይወዳል። ወርቄ የዘፈነችውን አትረሳም። ሦስቱ እህትማማቾች ትንሿ ቀድማ ካልሞከረች አይሞክሩም። እሳቸው ይህን ሁሉ ያወቁት ማንንም ሳይጠይቁ፣ ጥጣቸውን እየፈተሉ በማየት ነው። ሲጨልም የእሁዱን ሥራ በዚያ ቁራጭ ላይ አሰናዳሁ፤ ለማን ድንጋይ፣ ለማን ጭቃ፣ ለማን ዜማ።

እሁድ አባ ኪሮስ መጡ። ወንበር ቀረበላቸው። ልጆቹን አሰለፍኳቸው፤ እሱ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

«በል ሀን ቁጠርልኝ፤» አሉት በሻህን።

በሻህ የእናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። አንዷ እህት ከንፈሯን ጣለች፤ ሁለቱ ሊያግዟት ተዘጋጁ።

«አላልኩም?» አሉ አባ ኪሮስ። «አላልኩም?»

«አባቴ፣» አልኩ ላቤ እየወረደ፣ «አንዴ ይፍቀዱልኝና ከጎተራው ጀርባ እንሂድ።»

ወይዘሮ አስካለ ፈገግታ ለመደበቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሄድን። ቀዩን አፈር ሲያዩ ልጆቹ እንደ ተፈታ ጥጃ ቦረቁ። በሻህ ድንጋዩን፣ ጥላዬ ጭቃውን፣ ወርቄ ዘፈኗን ያዙ። ትንሿ እህት ቀንድ ሆና ስትሮጥ ሁለቱ ተከተሏት። ሜዳው በፊደል ተሞላ።

«ይህ ጨዋታ ነው፤» አሉ አባ ኪሮስ። «ጨዋታ ነው፤ ንባብ አይደለም።» ከማኅደሩ የጸሎት መጽሐፋቸውን አወጡ፤ ገለጥ አደረጉና በቀይ ቀለም የተጻፈች አንዲት ፊደል ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ወደ አያንቱ ዝቅ አሉ። «ይህችስ?»

አንገቴን አስግጌ ሳይ የጠቆሟት ብ ነበረች። ብን አላስተማርኳትም። በን እንጂ ብን ከቶ አላሳየኋቸውም።

አያንቱ ፊደሏን አየች። ከዚያ እጆቼን አየች። ሁለቱንም መዳፎቼን ዘረጋሁላት።

«የበሻህ ቤት ናት፤» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ጠጋ ብላ ግንባሯን ቋጠረች። «ግን… ጆሮ አውጥታለች።»

አባ ኪሮስ መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት።

«ጆሮ አላት፤» አሉ። «እውነትም ጆሮ አላት! አርባ ዓመት ሳነባት ጆሮዋን አላየሁትም!» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሆዳቸው፤ ከዚያ ወንበር ሳይፈልጉ አፈሩ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። «በይ ልጄ፤» አሏት መጽሐፉን ጭናቸው ላይ እያደረጉ፣ «ሌላስ ምን ይታይሻል?»

ወይዘሮ አስካለ እንደ ቃላቸው ለአለቃው ሊናገሩልኝ በማግሥቱ ጠሩኝ። «ትንሽ ይቆይልኝ፤» አልኳቸው። ያ ትንሽ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆነ። መዘምር አልሆንኩም። ከዚያ ወዲያ ያስተማርኳቸውን ሕፃናት ቁጥር አላውቀውም፤ ግን አንዱንም ሳላየው አላስተማርኩትም። አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ገበታ አልሰቅልም። ዳር እቀመጥና በምን እንደሚስቅ፣ እጁ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ሲሆን ዝም እንደሚል አያለሁ፤ እጽፋለሁ። የማስተምረውን የማሰናዳው ከዚያ በኋላ ነው። «ሰነፍ የኔታ፣ ቁጭ ብሎ ልጅ ሲያይ ይውላል» ያሉኝ ነበሩ። ይበሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ያላችሁም የሰው ልጅ አደራ የተሰጣችሁም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሕፃን የማይገባችሁን ቃል ሲናገር፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ትርጉሙን ጠይቁ። እሱ መናገር ካቃተው አያቱን ጠይቁ። እኔ በጊዜው ባለመጠየቄ ሁለት ሳምንት የአንዲት ልጅ አፍ ዘጋሁ። ዛፉ ባይኖር ዕድሜ ልኳን ዘግቼው እቀር ነበር፤ ያ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

አሁን ዓይኔ ደክሟል። ይህን እየነገርኳት የምትጽፍልኝ የአያንቱ ሁለተኛ ልጅ ናት፤ ጽሕፈቷ ከእኔ ያምራል። ዛፍ ላይ የወጣሁበት ጋ ስንደርስ በሳቅ ቀለሙን ደፋችው። የእናቷ ዝምታ ጋ ስንደርስ ግን ብዕሯን አስቀመጠችና አላምን ብላ አፈጠጠችብኝ።

«የኔታ፣» አለችኝ፣ «እናቴ ዝም ያለችበት ጊዜ ነበር?»